ቢላዋህን የሚሽከረከር ድንጋይ አታስነካው

ወንድሜ፣ ከትናንት በስቲያ የጠየቅከውን አነበብኩ። «የማይታጠፍ የጉዞ ቢላዋ ከውጭ ተልኮልኛል፤ በሚቀጥለው ወር ቁንዱዶ ስንወጣ ልይዘው ነው። ከዚያ በፊት በምን በምን ልሞክረው? ካርቶን ስቆርጥበት ሰንብቼ ስለቱ ደከም ብሏል፤ ድሬዳዋ ውስጥ የት ላስለው?» ነው ያልከው። ከሥሩ ሦስት ሰዎች «ብየዳ ቤት ውሰደው፣ በሁለት ደቂቃ ምላጭ ያደርጉልሃል» ብለው መልሰውልሃል። ሥራዬን አቁሜ ለመጻፍ የተቀመጥኩት ይህንን መልስ ሳይ ነው። እባክህ አታድርገው።

የአንተም ቢላዋ እንደ እኔው እንደሆነ ገባኝ፦ የካርቦን ብረት፣ የጎማ እጀታ፣ የፕላስቲክ አፎት። የእኔን እህቴ ናት የላከችልኝ፤ ስዊድን አገር ሞራ በምትባል ከተማ የሚሠራው ነው። ብረቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ ቀላል ነው፤ ዋጋውም ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ ርካሽ ነው።

አንደኛ፣ ሙከራውን ከማድ ቤት ጀምር። ቲማቲም፣ ፓፓያ፣ ሸንኮራ ቁረጥበት። ሎሚ ስትቆርጥበት ብረቱ ላይ ግራጫ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥላ ይወጣል። አትደንግጥ፤ የካርቦን ብረት ጠባይ ነው፣ እንዲያውም ከዝገት በመጠኑ ይከላከልለታል። ነገር ግን አጥበህ ወዲያው አድርቀው፤ በእኛ ከተማ ሙቀት የእጅ ላብ ብቻውን በአንድ ሌሊት ያዝገዋል። የምግብ ዘይት ጠብታ በጨርቅ ቀባ ካደረግከው ይበቃል። አፎቱንም አልፎ አልፎ በውሃ እጠበው። የድሬዳዋ አሸዋ ውስጡ ከገባ፣ ባወጣኸውና ባስገባኸው ቁጥር ስለቱን ይበላዋል።

ሁለተኛ፣ እጀታውን ፈትሽ። ደረቅ እንጨት ይዘህ ግማሽ ሰዓት ሳታቋርጥ ጥረብ። መዳፍህ ላይ የሚያቃጥልህ ቦታ ካለ ዛሬ እወቀው፤ ተራራ ላይ ስትደርስ ውሃ ይቋጥራል። ከዚያ እጅህን በውሃ አርሰህ እንደገና ያዘው። ያኔ የሚያንሸራትት ከሆነ ጣትህ ወደ ስለቱ ይሄዳል ማለት ነው።

ሦስተኛው የስለቱ ነገር ነው።

እኔም እንደ አንተ ካርቶን ስቆርጥበት ሳምንት ቆይቼ ዶለዶመብኝ። ካርቶን ለስላሳ ይመስላል እንጂ ስለት የሚበላ ነገር ነው። ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ በማግስቱ ከባቢሌ አልፈን ዳካታ፣ እነዚያ ድንጋዮች አንዱ ባንዱ ላይ የቆሙበት ሸለቆ፣ ልናድር ተቀጣጥረናል። ቸኮልኩና አንድ ብየዳ ቤት ገባሁ። ሰውዬው ቢላዋውን ተቀብሎኝ የኤሌክትሪኩን ድንጋይ አስነሳ። አጠገቡ ውሃ የለም። ብልጭታው ሲረጭ እያየሁ ቆምኩ። የብረቱ ጫፍ መጀመሪያ የገለባ ቀለም ያዘ፤ ከዚያ ቡናማ ሆነ፤ ከዚያ ወይን ጠጅ፤ በመጨረሻ የጣት ጥፍር የምታህል ቦታ ጥርት ያለ ሰማያዊ ሆነች። «ወንድም፣ እየተቃጠለ ነው» አልኩት። «ስለት ፈለግክ፣ ስለት አገኘህ፤ ቀለሙን በጨርቅ ጥረገው» ብሎ መቶ ብር ተቀበለኝ።

ማታ ቤት ወረቀት ስቆርጥበት እንደ ምላጭ ነበር። ሰውን የሚያታልለው ይህ ነው፤ «ብየዳ ቤት ውሰደው» ያሉህም ከዚህ አልፈው አልሞከሩትም። ዳካታ ላይ ለድንኳን ካስማ ልጠርብ ተቀመጥኩ። ሦስተኛው ካስማ ላይ ቢላዋው መንሸራተት ጀመረ። ወደ ፀሐይ አዙሬ ስለቱን ከላይ ወደ ታች ሳየው፣ ጫፉ አካባቢ ነጭ መስመር ያበራል። የተሳለ ስለት ብርሃን አይመልስም፤ የሚያበራ ስለት የተኛ ስለት ነው።

ስመለስ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ዕድሜያቸውን የሠሩ ጎረቤቴ ጋ ወሰድኩት። ጋሼ ምንም ሳይናገሩ የብረት ሞረድ አወጡ። እጀታው አጠገብ ባለው ስለት ላይ ቀስ ብለው ሲገፉት ሞረዱ መስተዋት ላይ እንዳለ ተንሸራተተ። ሰማያዊው ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ነከሰ፤ ድምፁ ራሱ ተለወጠ፣ የብረት ዱቄትም ጣታቸው ላይ ቀረ። «ይኸው፣ ይህኛው ቆርቆሮ ሆኗል» አሉኝ።

ቆይተው አስረዱኝ። የካርቦን ብረት ግሎ ሲነከር ይጠነክራል፤ እንደዚያው ከተተወ ግን እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ስለዚህ ፋብሪካው መልሶ በ200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ያሞቀዋል፤ ጥንካሬውና ጽናቱ የሚመጣጠነው እዚያ ላይ ነው። ያ ሰማያዊ ቀለም የሚወጣው ወደ 300 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። እዚያ የደረሰ ብረት የፋብሪካውን ልክ አልፏልና ለስልሷል፤ በጨርቅ ስለጠረግከው አይመለስም። ስለቱ ደግሞ ከሁሉም ቦታ የሳሳ በመሆኑ ቀድሞ የሚግለው እሱ ነው። የሎሚው ጥላና የእሳቱ ሰማያዊ ለዓይን ሊቀራረቡ ይችላሉ፤ በሥራ ግን አይገናኙም።

ብየዳ ቤቱ ተመልሼ ሄድኩ። ገንዘቤን አልጠየቅኩም፤ ለሚቀጥለው ደንበኛ አንድ ባልዲ ውሃ አጠገቡ እንዲያስቀምጥ ልነግረው ነበር። ሰው በተሰበሰበበት «ዕቃህ ድሮም የማይረባ ነው» አለኝ። እህቴ ከደመወዟ ገዝታ የላከችውን ነገር እንዲህ ሲለው፣ እስከ ዛሬ በዚያ በኩል ሳልፍ ደሜ ይፈላል።

ያም ሆኖ ቢላዋውን አልጣልኩትም። ከመኪና ቀለም መሸጫ በውሃ የሚሠራ ብርጭቆ ወረቀት ገዛሁ፤ ቁጥር 400፣ 1000 እና 2000። የመስኮት መስተዋት ቁራጭ ላይ እያጣበቅኩ፣ ውሃ እያርከፈከፍኩ፣ ጫፉ ላይ ያለውን የተቃጠለ ብረት ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል በእጄ በልቼ አወጣሁት። ዐሥራ አንድ ምሽት ፈጀብኝ። ጋሼ በየሁለት ቀኑ ሞረዳቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። በዐሥራ አንደኛው ቀን ሞረዱ ጫፉም ላይ ተንሸራተተ።

የአንተ ግን ስላልተቃጠለ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ከ1000 ጀምር። የእነዚህ ቢላዋዎች ስለት በሁለቱም ጎን ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ ተዳፋት አለው፤ ያንን ተዳፋት መስተዋቱ ላይ አስተኝተህ፣ ጀርባውን አስቀድመህ ጎትት። ተዳፋቱን በማርከር አጥቁረው፤ ከጥቂት ጉተታ በኋላ ቀለሙ ከየት እንደለቀቀ ስታይ እጅህ ቀና ይሁን ዘመም ይነግርሃል። በሌላው ጎን በአውራ ጣትህ ከጀርባ ወደ ስለት ስትዳብሰው ስስ ቅንጣቢ ሲቆለመም ይሰማሃል። ከእጀታው እስከ ጫፉ ሲሰማህ ገልብጠው። በ2000 ጨርስና የቆዳ ቀበቶ ላይ ሃያ ጊዜ ያህል አፋትገው።

እንጨት መፍለጡን የመጨረሻ ሙከራህ አድርገው። የቢላዋውን ጀርባ በእንጨት ምታ እንጂ በድንጋይ እንዳትመታ። ጉጥ ያለበትን የግራር እንጨት ተወው፤ ስለት የሚሸርፈው እሱ ነው። ከመንገድ ላይ የወደቀ ደረቅ እንጨት ይበቃሃል፤ የቆመ ጽድ እንዳትነካ።

ወገብህ ላይም አትታጠቀው። እኔ በሐረር መንገድ አንድ ኬላ ላይ ከአውቶቡስ ወርጄ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆሜያለሁ፤ ያቆመኝ ሰው አንዴም ቀና ብሎ አላየኝም። አፎቱ ውስጥ አድርገህ፣ በጨርቅ ጠቅልለህ፣ ከማብሰያ ዕቃው ጋር ሻንጣህ ሥር ክተተው።

ባለፈው ጥቅምት ቁንዱዶ ላይ ለሰባት ሰው የማታ እሳት እንጨት የፈለጥኩት በዚሁ ቢላዋ ነው። ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ስለሚጠጋ ብርዱ የድሬዳዋን ልጅ ያንቀጠቅጣል። ጠዋት ሻይ ስናፈላ የስኳሩን ወረቀት በዚያው ቢላዋ ቆረጥኩት፤ ድምፅ እንኳ አላሰማም። ጫፉ ከፋብሪካው ቅርጽ ጥቂት አጥሯል፣ ግን የእጄ ሥራ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሳቢያን ቤቴ ነኝ፤ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። መስተዋቱና ቀበቶው እኔ ጋ አለ፤ አንተ ብርጭቆ ወረቀቱን ብቻ ይዘህ ና። እስከዚያ ቢላዋውን ለማንም አትስጥ።