ካሜራው ይቀየር ወይስ ሌንሱ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በደሴ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነኝ። ቅዳሜና እሑድ በሆጤ ስታዲየም የሚደረጉ ጨዋታዎችን፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ በአዝዋ ገደልና በሐይቅ ዙሪያ ወፎችን ፎቶ ማንሳት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። ካሜራዬ ካኖን 1300ዲ ነው፤ አብሮት ከመጣው 18-55 ሌንስ ሌላ 75-300 የሚባለውን ርካሽ ዙም ገዝቻለሁ። ፎቶዎቼ ግን እንዳሰብኳቸው አይወጡልኝም። ኳሱ ይደበዝዛል፤ ወፉ ደብዝዞ ከጀርባው ያለው ገደል ይጠራል። ስቆጥብ ቆይቼ አሁን ከፍ ያለ ካሜራ ለመግዛት ተነሥቻለሁ። አንድ ነጋዴ ያገለገለ ካኖን 7ዲ ማርክ 2 አሳይቶኛል። ጓደኞቼ ግን ዘመኑ የሚረርለስ (ውስጡ ተንቀሳቃሽ መስተዋት የሌለው ካሜራ) ስለሆነ አር 10 ወይም አር 7 ግዛ፣ ከቻልክም ፉል ፍሬም (ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሩ ትልቅ የሆነ ካሜራ) ይሻልሃል ይሉኛል። የትኛውን ትመክሩኛላችሁ? ሦስት ፎቶዎች አብሬ ልኬያለሁ።
መምህሩ፣ ከደሴ

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ሦስቱን ፎቶዎች ባይልኩልን ኖሮ እኛም እንደ ጓደኞችዎ አንድ የካሜራ ስም ጠርተን በተገላገልን ነበር። ፋይሎቹን ሳያሳንሱ እንዳሉ ስለላኩልን ካሜራው የተጠቀመበት የሹተር ፍጥነት (ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ)፣ አይ ኤስ ኦው (ለብርሃን ያለው ስሜታዊነት) እና የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት አብረው ተመዝግበው ደርሰውናል። አንድ በአንድ ስናያቸው የሦስቱ ሕመም አንድ ዓይነት ሆኖ አላገኘነውም። የመጀመሪያው ካሜራውን ሊያስወቅስ አይችልም፣ ሁለተኛው በእርግጥም የካሜራው ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ የሌንሱ ነው። ስለዚህ አዲስ ካሜራ ብቻ ገዝተው ቢመለሱ ገንዘብዎ ወጥቶ ሁለቱ ሕመሞች እንዳሉ ይቀራሉ።

በሆጤ ያነሷት በጭንቅላት የተገጨች ኳስ ናት። ካሜራው በአውቶ ሞድ ላይ ሆኖ 1/250 ሰከንድ፣ አይ ኤስ ኦ 800 እና ኤፍ 5.6 መርጧል። በሰከንድ 20 ሜትር የሚበር ኳስ በ1/250 ሰከንድ ውስጥ 8 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል፤ በፎቶዎ ላይ እንደ እንቁላል የተለጠጠችውም ለዚሁ ነው። በ1/1000 ሰከንድ ቢያነሷት ኖሮ የምትሄደው 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነበር። ይህን ፍጥነት ለማግኘት የሚያስፈልገው አራት እጥፍ ብርሃን ነው፤ ፀሐይ ወደ ጦሳ ጀርባ ስታዘቀዝቅ ያንን ብርሃን ከሰማይ አያገኙትምና አይ ኤስ ኦውን ከ800 ወደ 3200 ማሳደግ ግድ ይላል። የእርስዎ 1300ዲ እስከ 6400 ድረስ ይችላል። አውቶ ሞዱ ግን የፎቶውን ንጽሕና እየጠበቀ ፍጥነቱን አሳልፎ ሰጥቷል፤ ከፊቱ ያለው ሰው የሚሮጥ ይሁን የቆመ ምን ያውቃል? እኔ በበኩሌ ነጠብጣብ የበዛበት ግን ስል የሆነ የስፖርት ፎቶ፣ ንጹሕ ሆኖ ከደበዘዘው እጅግ ይሻለኛል።

እንግዲህ ሳንቲም ሳያወጡ በፊት በሚቀጥለው ቅዳሜ ይህን ይሞክሩ። ሞዱን ቲ ቪ (ፍጥነቱን ራስዎ የሚወስኑበት) ላይ አድርገው ፍጥነቱን 1/1000 ላይ ይቁረጡ፤ አይ ኤስ ኦውን አውቶ አድርገው ጣሪያውን 6400 ላይ ያቁሙ፤ ፎከሱን ሰርቮ ወደሚባለው፣ የሚንቀሳቀስን ነገር ወደሚከተለው ዓይነት ይለውጡና ከዘጠኙ የፎከስ ነጥቦች የመካከለኛዋን ብቻ ይምረጡ። ከዘጠኙ ነጥቦች ጥራቷ የላቀ እርሷ ናት። ከዚያ ከጎሉ አጠገብ ጥግ ይዘው፣ በርከክ ብለው፣ ጨዋታው ወደ እርስዎ እስኪመጣ ይጠብቁ። ይህ ካሜራ በሰከንድ ሦስት ፎቶ ብቻ ስለሚያነሳ ጣትዎን ተጭኖ ማቆየቱ ብዙ አይጠቅምዎትም፤ ኳሱ ጭንቅላት ከመንካቱ በፊት ያለችውን ቅጽበት ገምቶ መጫን ይበልጣል። የስፖርት መምህር ስለሆኑ ይህን ግምት ከብዙ ፎቶ አንሺ በተሻለ እንደሚያውቁት እገምታለሁ።

ሁለተኛው ፎቶ በአዝዋ ገደል የሚያንዣብበው ጥንብ አንሳ ነው። ፍጥነቱ 1/1250፣ ብርሃኑም በቂ ነበር፤ ይሁን እንጂ ስል ሆኖ የወጣው ከወፉ ኋላ ያለው የድንጋይ ግድግዳ ነው። ወፍ ባዶ ሰማይ ላይ ሲሆን ማንኛውም ካሜራ ያገኘዋል፤ ሌላ የሚይዘው ነገር የለምና። ደሴ ላይ ግን ገደል አፋፍ ቆመው ወፉን የሚያዩት ትይዩ ወይም ቁልቁል ስለሆነ ከጀርባው ሁልጊዜ ቋጥኝ፣ ቁጥቋጦ ወይም ማሳ አለ። ዘጠኝ የፎከስ ነጥቦች፣ ያውም በፍሬሙ መሐል የተሰበሰቡ፣ እንዲህ ባለ ቦታ ወፉን ከቋጥኙ ለይተው መያዝ ይቸግራቸዋል። ካሜራ መቀየር ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው 7ዲ ማርክ 2 ሰፊ ቦታ የሚሸፍኑ 65 ነጥቦች አሉት፤ በሰከንድም 10 ፎቶ ያነሳል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጡት አር 10 እና አር 7 ደግሞ ነጥብ ከመምረጥ አልፈው ሰውን፣ እንስሳንና ወፍን ለይተው ዓይኑን ይከተላሉ፤ በሜካኒካል ሹተር በሰከንድ እስከ 15 ፎቶ ያነሳሉ። ይህ የማስታወቂያ ወሬ አይደለም፤ ከቋጥኝ ፊት ለፊት ለሚበር ወፍ በእውነት ትልቅ ለውጥ ነው።

በሐይቅ ዳር ደንገል ውስጥ የቆመችው ሽመላ ግን ሌላ ነገር ታስተምረናለች። ፎቶው ስል ነው፣ ብርሃኑም ያምራል፤ ወፏ ብቻ ትንሽ ናት። በኮምፒውተር አስጠግተን ስንለካት ከእግሯ እስከ ራሷ 400 ፒክሰል ያህል ሆነች። መጽሔት ሲታተም በአንድ ኢንች 300 ፒክሰል ስለሚፈለግ ሽመላዎ በወረቀት ላይ ከ3.4 ሳንቲ ሜትር አትበልጥም፤ የቴምብር መጠን ማለት ነው። አሁን ሁለቱን መንገዶች እናወዳድር። የእርስዎ 1300ዲ 18 ሜጋፒክሰል ነው፤ በዚያው 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ላይ 32.5 ሜጋፒክሰል ያለውን አር 7 ቢገጥሙ ወፏ ከ400 ወደ 540 ፒክሰል ገደማ ብቻ ታድጋለች። ያለዎትን 1300ዲ እንደያዙ 600 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሌንስ ቢገጥሙ ግን 800 ፒክሰል ትሆናለች። ሜጋፒክሰል ሲጨምር ስፋቱም ቁመቱም የሚካፈለው ስለሆነ ቁጥሩ የሚያስፈራውን ያህል አያስጠጋም።

ፉል ፍሬም የሚለውንም ምክር በዚሁ ሚዛን ይዩት። የካኖን ትንሹ ሴንሰር የሌንሱን እይታ በ1.6 እጥፍ ስለሚያጠብ የእርስዎ 300 ሚሊ ሜትር ፉል ፍሬም ላይ 480 ሚሊ ሜትር እንደሚያሳየው ሆኖ ይታያል። ፉል ፍሬም ሲገዙ ያ ጥቅም ይቀራል፤ ሽመላዋ በፍሬሙ ውስጥ ከአሁኑም ታንሳለች። በምሽት ጨዋታ ላይ ብልጫ እንዳለው አልክድም፤ ነገር ግን እርሱን የሚመጥኑት ረጃጅም ሌንሶች የመምህር ደመወዝ የሚቀምሳቸው አይደሉም። ይለፉት።

ወደ ዋናው ነገር ስመጣ፣ ከሁሉ አስቀድሞ መለወጥ ያለበት 75-300ው ነው። ይህ ሌንስ የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋ መሣሪያ የለውም፣ የፎከስ ሞተሩ ዘገምተኛ ነው፣ ጫፉ 300 ላይ ሲደርስም ፎቶው ይለሰልሳል። አር 10ን ገዝተው ይህንኑ ሌንስ በአዳፕተር (የቆየ ሌንስን ከአዲሱ ካሜራ ጋር በሚያገናኝ ቀለበት) ቢገጥሙበት ካሜራው የወፉን ዓይን በቅጽበት አግኝቶ ሌንሱ እስኪደርስ ቆሞ ይጠብቃል። በምትኩ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውን፣ ስሙ 70-300 ሆኖ አይ ኤስ 2 ዩ ኤስ ኤም የሚል የተጻፈበትን ሌንስ ይፈልጉ። ከአሁኑ ሌንስዎ ጋር በቁጥር የሚመሳሰል ቢሆንም ሥራው ፈጽሞ የተለየ ነው፤ ማረጋጊያ አለው፣ ሞተሩም ፈጣን ነው። ለሆጤም ለአዝዋም ያገለግላል። ልብዎ ይበልጥ ወደ ወፎቹ ካደላ የሲግማ ወይም የታምሮን 150-600 አለ፤ ነገር ግን ክብደቱ ወደ 2 ኪሎ ስለሚጠጋ እርሱን ተሸክሞ ዳገት መውጣት ምን እንደሚመስል ለደሴ ሰው አልነግርም።

ታዲያ ቦዲው፣ ማለትም ካሜራው ራሱስ? ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የካሜራ ዋጋ ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥ እዚህ ዋጋ አልጽፍም፤ ውሳኔዬ ግን ይህ ነው። ገንዘብዎ የተጠቀሰውን 70-300 እና አር 10ን ከነአዳፕተሩ ከቻለ እርሱን ይግዙ። ሁለቱን ካልቻለ ግን 7ዲ ማርክ 2ን ከዚያ ሌንስ ጋር መግዛት፣ አር 10ን ከአሮጌው ሌንስ ጋር ከመግዛት ይሻላል። አር 7 የራሱ ማረጋጊያና ሁለት የካርድ ማስገቢያ ያለው ጥሩ ካሜራ ነው፤ ነገር ግን ከአር 10 የሚበልጥበትን ገንዘብ ለሌንስ ቢያውሉት ፎቶዎ ላይ ይታያል። 7ዲ ማርክ 2ንም ያረጀ ነው ብለው አይናቁት። አካሉ ከማግኒዥየም የተሠራና ውኃና አቧራ እንዳያስገባ የታሸገ በመሆኑ በደሴ የክረምት ጉምና ካፊያ ውስጥ ከአር 10 የበለጠ ይተማመኑበታል፤ በአንድ የባትሪ ሙሌትም 670 ያህል ፎቶ ያነሳል፤ አር 10 ከዚህ በእጅጉ ስለሚያንስ መብራት በሚጠፋበት ቀን ትርፍ ባትሪ የግድ ነው። ሚረርለስ ከገዙ ደግሞ ድምፅ የሌለውን ኤሌክትሮኒክ ሹተር ለጨዋታ አይጠቀሙበት፤ ሴንሰሩ ፎቶውን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ስለሚያነብ ፈጣኑ ኳስ ይጣመማል፣ የወፍ ክንፍም ይታጠፋል።

ያገለገለውን ሲያዩ ጠረጴዛ ላይ አገላብጠው ብቻ አይመለሱ። የ7ዲ ማርክ 2 ሹተር ለ200,000 ጊዜ ያህል እንዲሠራ የተገመተ ነው፤ ቁጥሩን ካኖን በፎቶው መረጃ ውስጥ ስለማይጽፈው በኮምፒውተር ፕሮግራም እንዲያሳይዎት ሻጩን ይጠይቁ። ቀጥሎ የራስዎን ሌንስና ካርድ ይዘው ከሱቁ ይውጡና ወደ እርስዎ በሚመጣ ባጃጅ ታርጋ ላይ ሰርቮ ፎከስ አድርገው ሃያ ፎቶ በተከታታይ ያንሱ፤ ታርጋው ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ካልተነበበ ያስቡበት። ሌንስ ከሆነ በስልክዎ ባትሪ ከኋላው አብርተው በፊት ለፊት ይመልከቱት። እኔ ይህን ሳላደርግ ከአንድ ሻጭ የገዛሁት ሌንስ ቤት ደርሼ ሳበራበት ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር ሻጋታ ዘርግቶበት አገኘሁት፤ ሻጩም "ሲወስዱት ደኅና ነበር" አለኝ። አልተሳሳተም ይሆናል፤ እኔም እርሱም አላየነውም ነበር።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ የሩጫና የብስክሌት ውድድሮችን በኒኮን ዲ5300 አነሳለሁ። ለስፖርት ካኖን ይሻላል ስለተባልኩ ልዙር? ደግሞ ደሴ ውዬ ስመለስ ሌንሴ ላይ ላብ ይወጣል፤ ተበላሽቶ ይሆን?
አንባቢ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አይዙሩ። የኒኮን ሌንሶች ካሉዎት ወደ ካኖን መዞር ማለት ሁሉንም በኪሳራ ሸጦ እንደገና መግዛት ነው። ዲ5300 በሰከንድ 5 ፎቶ ያነሳል፤ 39 የፎከስ ነጥቦችም አሉት፤ ለብስክሌት ውድድር የሚናቅ አይደለም። ማሳደግ ካማረዎት ያገለገለ ዲ500 ይፈልጉ፤ 153 ነጥብና በሰከንድ 10 ፎቶ ያለው፣ በዚህ ዘርፍ ኒኮን ከሠራቸው ሁሉ የምወደው ነው። አንደኛው የካርድ ማስገቢያው ኤክስ ኪው ዲ የሚባል ውድ ካርድ ቢፈልግም ሁለተኛው የተለመደውን ኤስ ዲ ይቀበላል። ካልተገኘ በሰከንድ 8 ፎቶ የሚያነሳው ዲ7500 ይበቃል። ሁለቱም በአካላቸው ውስጥ የፎከስ ሞተር ስላላቸው ዲ5300 ላይ በእጅ ካልሆነ የማይሠሩት የቆዩ የኒኮን ሌንሶች በእነርሱ ላይ በራሳቸው ያተኩራሉ። የሹተሩን ቁጥር ደግሞ ኒኮን በየፎቶው መረጃ ውስጥ ስለሚጽፈው ሻጩ አንድ ፎቶ አንስቶ ቢልክልዎ ይበቃል።

ሌንስዎ አልተበላሸም። ደሴ ከኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ በደሴ ብርድ የቀዘቀዘውን መስታወት ሐረጎን ወርደው ወደ ሞቃቱ አየር ሲያወጡት በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ላዩ ላይ ውኃ ይሆናል። ካሜራውን ከደሴ ሳይነሡ ቦርሳ ውስጥ ዘግተው ያስቀምጡት፤ ኮምቦልቻ ደርሰውም ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይከፍቱ ያቆዩት። ላቡ ከወጣ በኋላ በሸሚዝ አይጥረጉት፣ ሌንሱንም ከቦዲው አይንቀሉት፤ ውስጥ እንዳይገባ እንዳለ ይድረቅ።