ከጀልባው በፊት መኪናህ ስንት ኪሎ እንደሚጎትት እይ

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ሁለት ሰው የሚያድርበት በመኪና የሚጎተት ትንሽ ባለካቢን ጀልባ ፈልገህ፣ ፕላን ገዝቼ በፕላይውድ ልሥራው ወይስ ያረጀ የፋይበርግላስ ጀልባ ገዝቼ ውስጡን ላድሰው ነው ያልከው። እኔ ሁለቱንም ሞክሬያለሁ፣ መጀመሪያ አሮጌ ገዛሁ ከዛ ደግሞ ራሴ ሠራሁ፣ በሁለቱም ተቀጥቻለሁ፣ ስለዚህ ትንሽ ይረዝማል ታገሰኝ።

ሁላችንም የምንጀምረው ከርዝመት ነው፣ 5 ሜትር ይሁን 6 ሜትር ምናምን እያልን። መጀመር ያለብህ ግን ከመኪናህ ነው። የመኪናው መጽሐፍ ላይ ፍሬን ያለው ተጎታች እስከ ስንት ኪሎ፣ ፍሬን የሌለው እስከ ስንት ኪሎ እንደሚጎትት ተጽፏል። ከዛ ላይ ትሬለሩን ራሱን ቀንስ፣ ሞተሩን ቀንስ፣ ባትሪውን መልህቁን ፍራሹን ድስቱን ሁሉ ቀንስ። 100 ሊትር ቤንዚን ወደ 75 ኪሎ ነው፣ 50 ሊትር ውሃ ያው 50 ኪሎ ነው። ከዚህ ሁሉ የተረፈችው ቁጥር ናት የጀልባህ ክብደት፣ እመነኝ ካሰብከው ታንሳለች። ስፋቱንም መንገዱ ነው የሚወስንልህ፣ አውሮፓ 2.55 ሜትር አሜሪካ 2.6 ሜትር ገደማ ነው፣ ከዛ ካለፈ ልዩ ፈቃድ ውስጥ ትገባለህ።

የኔን ጥፋት ልንገርህ። ፕላኑ ታች 9 ሚሊ ጎን 6 ሚሊ ፕላይውድ ይላል፣ እኔ ጀግናው "ይጠንክር" ብዬ ጎኑንም ጣሪያውንም 9 አደረግኩት። የምወደው ኦኩሜ የሚባለው ቀላል የፕላይውድ ዓይነት አልቆ ስለነበር ከባዱን ዓይነት ገዛሁ፣ አንድ ሙሉ ጣውላ 9 ሚሊ ኦኩሜ 12 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ያኛው ግን 15 እና 16 ይገባል። ከዛ መደርደሪያ፣ ከዛ መሳቢያ፣ ከዛ አንድ ዙር ተጨማሪ ፋይበርግላስ። ጨርሼ የጭነት መኪና ሚዛን ላይ ሳወጣው ፕላኑ ካለው 280 ኪሎ በልጦ ቁጭ አለ። ውሃ ላይ ደግሞ ሞተሩን እስከ መጨረሻው ከፍቼው አፍንጫውን ሰማይ ላይ ሰቅሎ ቂጡን እየጎተተ ይሄዳል እንጂ ተነስቶ መንሸራተት የለም፣ ቤንዚኑን ግን እንደ ጉድ ይጠጣል።

ስለዚህ ፍጥነቱን አሁኑኑ ወስን። ቀስ ብሎ ውሃውን እየከፈለ የሚሄድ ጀልባ የፍጥነት ጣሪያ አለው፣ ውሃ የሚነካውን ርዝመት በሜትር ወስደህ ስኩዌር ሩቱን በ4.5 አባዛው፣ የሚመጣው በሰዓት ኪሎ ሜትር ነው። 5 ሜትር ከሆነ 10 አካባቢ ነው። ለዚህ ከ10 እስከ 15 የፈረስ ጉልበት አውትቦርድ (ከኋላ ውጪ የሚታሰር ሞተር) ይበቃሃል፣ ትንሽ ብታከብደውም ይቅር ይልሃል። በውሃው ላይ ተነስቶ የሚንሸራተተው ግን ሌላ ዓለም ነው፣ እዛ እያንዳንዷ ኪሎ በሞተርና በቤንዚን ትከፈላለች። ሁለት ሰው ሆናችሁ ለማደር ከሆነ የምትወጡት እኔ ቀስ የሚለውን፣ ረዘም ጠበብ ያለውን ነው የምመክርህ። ፊል ቦልገር የሚባለው አሜሪካዊ ንድፍ አውጪ (1927–2009) ከፕላይውድ ጣውላ እንዲህ ያሉ ሳጥን የሚመስሉ ጀልባዎች በመንደፍ ነው የታወቀው፣ ሰው ይስቅባቸዋል ግን ይሄዳሉ። ጠፍጣፋ ሆድ ማዕበል ላይ እንደሚደበድብ ግን እወቅ፣ በኋላ አላወቅኩም እንዳትል፣ ሰፊ ክፍት ውሃ ላይ ከሆነ የምትሄደው ቪ ቅርፅ ያለው ይሻልሃል።

አሮጌውን በተመለከተ፣ ቀለሙና መቀመጫው አያታልልህ። የኔ ውጪው የሚያብረቀርቅ ነበር። ሻጩ ስልክ ሊያወራ ዞር ሲል ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ላይ ካለች ትንሽ ቡሎን አንዷን ፈታሁና ቀዳዳው ውስጥ ካቻቢቴ ስሰድ እንደ ረጠበ ዳቦ ገባ፣ ሲወጣ ጥቁር ውሃ ይዞ መጣ። አይቼ እያለ ገዛሁት፣ ርካሽ ነው ብዬ። ያንን ግድግዳ አውጥቶ መቀየር ክረምቱን በላው። አንተ ወለሉንና የኋላውን በካቻቢቴው እጀታ ኳ ኳ እያደረግክ ስማ፣ ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል የበሰበሰው ድፍን ያለ። ወለሉ ላይ ዝለል። ከረገበ ትተህ ሂድ፣ ባዶ ቀፎ ርካሽ የሆነው በምክንያት ነው።

ከሠራህ ደግሞ ጣውላዎቹን በሽቦ ሰፍቶ በኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚደርቅ ሙጫ) ማጣበቁ ለጀማሪ ቀላሉ መንገድ ነው። ፖሊስተር የሚባለው ሙጫ እንጨት ላይ በደንብ አይይዝም፣ በዋጋ ብለህ አትግባበት። ኢፖክሲው ሲደርቅ አንዳንዱ ላዩ ላይ ሰም የመሰለ የሚያዳልጥ ነገር ያወጣል፣ መጀመሪያ በውሃና በስፖንጅ እጠበው ከዛ ነው ብርጭቆ ወረቀት የምትመታው፣ ሳታጥብ ከፈገፈግከው ወደ ውስጥ ትቀባዋለህ ቀለሙም አይይዝልህም። አንዴ ሙሉ ጎን እንደገና ፍቄያለሁ በዚህ። ጓንትና ማስክ አትርሳ፣ ኢፖክሲ ቆዳን አንዴ ካስቆጣ ዕድሜ ልክ ነው።

ካቢኑን ሳትቆርጥ በፊት በካርቶን ሥራው። ቀልድ አይደለም። መሬት ላይ ስፋቱን በፕላስተር አስምር፣ ግድግዳና ጣሪያ በካርቶን አቁም፣ ከባለቤትህ ጋር ግቡና ተኙ፣ ተነሱ፣ ሱሪ ልበሱ። ለመኝታ 1.95 ሜትር ርዝመት፣ ከፍራሹ በላይ ለመቀመጥ 90 ሴንቲ ከፍ ያለ ካገኘህ በቂ ነው። ቆሜ ልሂድበት ካልክ ግን ጣሪያው ይረዝማል፣ ነፋስ ይይዘዋል፣ ክብደቱም ወደ ላይ ይወጣና ጀልባው መወዛወዝ ይጀምራል። እኛ ካርቶኑ ውስጥ ነው እግራችን የሚገባበት ጫፍ ለአንድ ሰው ብቻ እንደሚበቃ ያወቅነው።

ጋዝ ልታስገባ ካሰብክ ሲሊንደሩ ውጪ ይሁን፣ ቡታንም የቤንዚን ጭስም ከአየር ይከብዳል፣ የጀልባው ሆድ ውስጥ ተኝቶ ብልጭታ ይጠብቃል። የካርቦን ሞኖክሳይድ (ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ) ማስጠንቀቂያ ደወል ደግሞ መኝታው ጋ ስቀል፣ በዚህ አልከራከርም።

ትሬለሩ ላይ ጀልባውን ስታስቀምጥ መኪናው ላይ ትሬለሩ የሚታሰርበት ጋንቾ ላይ የሚያርፈው ከጠቅላላው ክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ ይሁን፣ ከዛ ካነሰ መንገድ ላይ ጅራቱን መወንጨፍ ይጀምራል። የትሬለሩን የጎማ ኩሽኔታ ውሃ ከመግባቱ በፊት አቀዝቅዘው፣ ትኩሱን ከነከርከው ውሃ ይስባል።

አሁን የመኪናህን ሞዴልና መጽሐፉ ላይ ያለውን ቁጥር፣ የምትሄድበት ውሃ ወንዝ ይሁን ሐይቅ እዚሁ ጻፍልኝ፣ ስንት ኪሎ እንደሚተርፍህ አብረን እናሰላለን።