መልስ፦ ለሁለት ሰው አንድ ሞተር ይበቃል?

ወንድሜ፣ ከባለቤትህ ጋር ድንበር እያቋረጣችሁ ለመጓዝ አንድ ሞተር ይሻላል ወይስ ሁለት ብለሃል። የወረቀቱንም ጉዳይ አንስተሃል።

እሷም መንዳት የምትወድ ከሆነ ሁለት ያዙ። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ዕቃ ፍለጋ ይሄዳል። እኔና ባለቤቴ ግን በአንድ ነው የሄድነው፣ አልቆጨንም። ነዳጁም ወረቀቱም የአንድ ነው። ችግሩ ክብደት ነው። መጀመሪያ ከባዱን ዕቃ ከኋላ ከፍ አድርገን አስረን ተነሳን። ጠጠር መንገድ ላይ መሪው ቀለል እያለ ይዋልል ጀመር። መፍቻዎቹንና ውሃውን ወደ ታች፣ ወደ መሐል ስናመጣቸው ሞተሩ አደብ ገዛ። የኋላውን ጎማ ንፋስና የኋላውን ሞላ (ስፕሪንግ) ጥንካሬም ለሁለት ሰው አስተካክል።

ወረቀቱ ላይ አትዘናጋ። እንደ ኢራን፣ ፓኪስታንና ሕንድ ያሉ አገሮች ካርኔ ደ ፓሳጅ ይጠይቃሉ። የሞተሩ ፓስፖርት በለው። የሚሰጠው የአውቶሞቢል ክለብ ነው፣ የሚያገለግለውም እስከ 1 ዓመት። ስትገባ ማህተም፣ ስትወጣም ማህተም። የመውጫው ከጎደለ ሞተሩ እዚያው እንደቀረ ተቆጥሮ ቀረጥ ልትጠየቅ ትችላለህ። ገጹን በዓይንህ ሳታይ ከጉምሩክ መስኮቱ ፊት ንቅንቅ እንዳትል።

በታጂኪስታን በኩል በፓሚር መንገድ ካሰባችሁ፣ የአክ ባይታል መተላለፊያ 4,655 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ሞተሩም ሰውም ትንፋሽ ያጥረዋል። ከዚያ በፊት ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ሁለት ሦስት ቀን እደሩ። ባለቤትህን እላይ ሆና ራሷን ካመማት «ትንሽ እንግፋ» አትበላት። ወዲያው ውረዱ።