ስሊቭ ወይስ ባይፓስ? ከአዘዞ ለጻፉልን እናት

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 38 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ክብደቴ 118 ኪሎ፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ነው። ስኳር ከተገኘብኝ 6 ዓመት ሆነኝ። ሌሊት ቃር አያስተኛኝም። ለጉልበቴ ደግሞ በየቀኑ ዳይክሎፌናክ እወስዳለሁ። ውጭ ያለው ወንድሜ የክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና ላሠራልሽ ብሎኛል። ጉዳዩን የያዘልን ደላላ ቱርክ ሄደሽ ስሊቭ ትሠሪያለሽ፣ በሳምንትሽ ቤትሽ ነሽ ይላል። አንዲት ዘመዴ ደግሞ ባይፓስ ይሻላል ትላለች። ጥቅምና ጉዳታቸውን ቢያስረዱኝ። እስከዚያው የማቅጠኛ ሻይ እየጠጣሁ ነው። ሜትፎርሚኑን ኩላሊት ይጎዳል ስላሉኝ ካቆምኩት 3 ወር ሆነኝ። ትንሹ ልጄ ገና 6 ዓመቱ ነው።»

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎ ስለ ስሊቭና ስለ ባይፓስ ይጠይቃል። የመጨረሻዋ መስመር ግን ሌላ ነገር ነው የምትጠይቀው። «ተኝቼ ባልነሳስ? ልጄን ለማን ጥዬ?» ነው የምትለው። ከሷ እንጀምር።

እነዚህ ቀዶ ሕክምናዎች ዛሬ በአብዛኛው ሆድ በሰፊው ሳይከፈት፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እየታዩ ነው የሚሠሩት። ልምድ ባለው ቡድን እጅ፣ በመጀመሪያው አንድ ወር ውስጥ የሚሞተው ከ1,000 ሰው አንድ አካባቢ ነው። የሐሞት ከረጢት ከማስወጣት ብዙ አይርቅም። እንዲሁ ቢቀመጡም ደግሞ ከአደጋ ነፃ አይደሉም። በነገሩኝ ቁመትና ክብደት ቢኤምአይዎ፣ ማለትም ክብደት ከቁመት አንጻር ሲሰላ የሚወጣው ቁጥር፣ 45 ነው። ከስኳር ጋር ሲደመር ልብዎንም ኩላሊትዎንም ዓይንዎንም በዝምታ የሚጎዳ ክብደት ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ቢኤምአይው 35 የደረሰ ሰው ሌላ በሽታ ባይኖርበትም ቀዶ ሕክምናውን ይመክራል። እርስዎ ከዚያ በብዙ አልፈዋል።

ስለዚህ ሐሳብዎ ቅብጠት አይደለም። እኛ አገር ወፈር ያለ ሰው ሲታይ «ተመችቶሻል» ይባላል፣ ልክሳ ስትል ደግሞ «ሆዷን መግታት አቅቷት» ይባላል። ሁለቱንም አይስሙ። ሰውነት የለመደውን ክብደት አጥብቆ ይይዛል። ሲቀንሱ ረሃቡን ይጨምራል፣ ጉልበት ማቃጠሉን ይቀንሳል። የፈቃድ ድክመት አይደለም።

አሁን ወደ ሁለቱ። በስሊቭ ከጨጓራዎ ወደ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው ሙዝ የመሰለ ቀጭን ቱቦ ነው። የወጣው አይመለስም። ረሃብን የሚቀሰቅሰው ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ከሚወጣው ክፍል ስለሆነ፣ ሰው ትንሽ በልቶ ከመጥገቡም ሌላ ምግብ ቶሎ ቶሎ አይታወሰውም። አንጀት አይነካም፤ ሥራው አጠር ይላል። ጉዳቱ ቃር ነው። ቃር የሌለበትን ቃር ያስጀምረዋል፣ ያለበትን ያብስበታል። ሁሉም ላይ ባይሆንም ብዙዎች ላይ።

በባይፓስ ከጨጓራ አናት ላይ እንቁላል የምታህል ከረጢት ትሠራና አንጀት ተቆርጦ ከሷ ጋር ይቀጠላል። የቀረው ጨጓራ እዚያው ሆድ ውስጥ ይቀመጣል፤ ምግብ ግን አያልፍበትም። ስኳር ላይ ከስሊቭ ይበልጣል። ክብደት ገና ሳይቀንስ፣ በቀናት ውስጥ የስኳር መጠን ሲወርድ ይታያል። ቃርንም ያስታግሣል። በሌላ በኩል ብረት፣ ካልሲየምና ቢ12 በደንብ አይመጠጡም። ስለዚህ ቫይታሚኑ የዕድሜ ልክ ነው። ጣፋጭ ነገር ከበሉ ላብ በላብ ሆነው ልብዎ ሊመታ፣ ሊያስቀምጥዎት ይችላል። ከዓመታት በኋላም አንጀት ውስጥ ለውስጥ ሊታጠፍ ይችላል። ድንገተኛ ከባድ የሆድ ቁርጠት ከመጣ እቤት አይተኛበትም።

በቁጥር ልንገርዎ። በስሊቭ ከጠቅላላ ክብደት ሩብ ያህሉ፣ በባይፓስ ወደ 30 በመቶ ይቀንሳል። ለእርስዎ ከ118 ወደ 88 ወይም ወደ 83 አካባቢ ማለት ነው። 60 ኪሎ እገባለሁ ብለው ከሆነ ከአሁኑ ይወቁት። ጉልበትዎም ስኳርዎም ግን በ85 ኪሎ ሌላ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ።

ጨጓራ የሚያጠብቀው ቀለበት፣ ባንድ የሚሉት፣ ዛሬ ተትቷል ማለት ይቻላል። ጨጓራ ውስጥ የሚነፋው ፊኛም ከ6 ወር በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ስለሚወጣና ክብደቱም ስለሚመለስ ለእርስዎ አይሆንም። አዲሶቹ የክብደት መቀነሻ መርፌዎች በደንብ ይሠራሉ፤ ግን ሲቆሙ ክብደቱ በአብዛኛው ይመለሳል። ለዓመታት መግዛት ይችሉ እንደሆነ ወንድምዎን ይጠይቁ።

በጻፉልኝ ነገር ብቻ ከፈረድኩ ሚዛኑ ወደ ባይፓስ ያደላል። ስኳር አለብዎት፣ ሌሊት የሚያስነሳ ቃር አለብዎት። ደላላው ስሊቭ ያለዎት ቃር እንዳለብዎት ሳይጠይቅ ነው። ይህ ያናድደኛል። ቀዶ ሕክምናን የሚመርጠው ጨጓራዎን በኢንዶስኮፒ፣ በአፍ በሚገባ ካሜራ፣ ያየ ሐኪም ነው። እኛ ዘንድ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ በጣም የተለመደ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ተፈልጎ መታከም አለበት። ከባይፓስ በኋላ የተተወውን ጨጓራ በተለመደው ኢንዶስኮፒ ማየት አይቻልምና።

አንድ ነገር ግን ባይፓሱን ያፈርሰዋል፤ ዳይክሎፌናኩ። አይቡፕሮፌንም ያው ነው። ባይፓስ የተሠራለት ሰው እነዚህን ከወሰደ ከረጢቷና አንጀቱ የተቀጠሉበት ቦታ ላይ ቁስል ሊወጣ፣ ሊደማ፣ አንዳንዴም ሊበሳ ይችላል። በየቀኑ ዳይክሎፌናክ መዋጡ አሁንም ለቃርዎም ለኩላሊትዎም ጥሩ አይደለም። በፓራሲታሞል ይተኩት። ያለ ዳይክሎፌናክ መኖር ካልቻሉ ለባይፓስ ገና አልደረሱም።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። እርስዎ የፈሩት የቀዶ ሕክምናውን አልጋ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ከተመለሱ በኋላ ያለው ሁለተኛው ወር ነው።

ውጭ አገር ስሊቭ ተሠርታ የመጣች አንዲት ሴት አስታውሳለሁ። በልጇ ተደግፋ ነው የገባችው። ልጅቷ በአንድ እጇ እናቷን፣ በሌላው ፌስታል ይዛለች። ትውከቱ ከጀመራት አምስተኛ ሳምንቱ ነበር። ውኃ እንኳ አይረጋላትም። «ጨጓራ ነው» ተብላ ከፋርማሲ ኦሜፕራዞል ገዝታ ውጣለች። ሳይሻላት ሲቀር አንድ ክሊኒክ ግሉኮስ ተሰቀለላት። በማግሥቱ ሌላ ግሉኮስ። እኔ ጋ ስትደርስ ስትራመድ ግድግዳ ትይዛለች። ሁለት ጣቴን አሳየኋት፤ አራት አለችኝ። ዛሬ ቀኑ ስንት ነው ስላት ልጇን አየች።

ይህ ጨጓራ አይደለም። የቫይታሚን ቢ1 እጥረት ነው፤ ታያሚን ይሉታል። ሰውነታችን የሚያከማቸው ቢ1 ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቢያቆይ ነው። ትንሽ የሚበላና የበላውን የሚያስመልስ ሰው ቶሎ ይጨርሰዋል። ከዚያ አንጎል ይጎዳል። ዓይን ሁለት ሁለት ያያል፣ እርምጃ ይወላገዳል፣ ሐሳብ ይምታታል። ሦስቱም በአንድ ላይ እስኪመጡ የሚጠብቅ ሐኪም ዘግይቷል፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ብቻ ነው የሚታየው።

እባክዎ ይህችን ደግመው ያንብቡልኝ። ግሉኮስ ስኳር ነው። ሰውነት ስኳርን ለማቃጠል ቢ1 ይፈልጋል። ቢ1 ባለቀበት ሰው ላይ ግሉኮስ ብቻውን ሲሰቀል የቀረችዋን ጠብታ ያሟጥጣትና አንጎሉን ይብስ ይጎዳዋል። እኛ አገር ደግሞ የደከመው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው «ግሉኮስ ይሰቀልልኝ» ነው። ነርሷም ታዝንለታለች፣ ይሰቀልለታል። ለሌላ ሰው ምንም አይደለም። የክብደት ቀዶ ሕክምና ተሠርቶለት ለሚያስመልስ ሰው ግን ቢ1 በደም ሥር ሳይገባ ግሉኮስ አይነካም። የላቦራቶሪ ውጤት አይጠበቅም። ቀድሞ ይሰጣል፤ ዘግይቶ ከተሰጠ የጠፋው ማስታወስ ላይመለስ ይችላል።

ያቺ ሴት ዓይኗ በቀናት ውስጥ ተስተካከለ። እርምጃዋ ወራት ፈጀ። የትናንቱን ነገር መያዝ ግን እስከ ዛሬ ያስቸግራታል። ልጇ የመድኃኒቷን ሰዓት በወረቀት ጽፋ ግድግዳ ላይ ለጥፋላታለች።

ደንቡ ይህ ነው፦ ከሁለትና ሦስት ቀን ያለፈ ትውከት ካለ ፋርማሲ አይኬድም። ሆስፒታል ነው የሚኬደው። ያ ቀን ቅዳሜ ይሁን፣ ጥምቀት ይሁን።

ትኩሳት፣ የግራ ትከሻ ሕመም፣ በደቂቃ ከ120 በላይ የሚመታ ልብ ከመጣም እንዲሁ። የተሰፋው ቦታ አፍስሶ ሊሆን ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ የሚታየውም ሰው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። «በሳምንትሽ ቤትሽ ነሽ» ያለዎት ሰው ያኔ ስልክ ያነሳ እንደሆነ ይጠይቁት። ስለዚህ ትኬት ከመቆረጡ በፊት ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ላይ «ስትመለሺ እኔ እከታተልሻለሁ» የሚል ሐኪም በስም ይያዙ። የቀዶ ሕክምናውን ሙሉ ወረቀት በሚነበብ ቋንቋ ይዘው ይመለሱ። የሚከታተል ሐኪም ካልተገኘ አይሂዱ። ወንድምዎ ቢቀየምም አይሂዱ።

ስለ ሻዩ። ከእነዚህ ሻዮች ብዙዎቹ የሚያስቀምጥ ቅጠል ነው ያለባቸው። ሚዛኑ ላይ የሚቀንሰው ውኃ ነው፣ ስብ አይደለም። አብሮ የሚወጣው ፖታሲየም የልብ ምትን ያዛባል። በማቅጠኛ ስም ከሚሸጡ ምርቶች አንዳንዶቹ ውስጥ ደግሞ ሲቡትራሚን ተደብቆ ተገኝቷል። ልብ ላይ በሚያደርሰው ጉዳት በ2010 እ.ኤ.አ. ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ የወጣ መድኃኒት ነው። ዛሬውኑ ይድፉት።

ሜትፎርሚኑስ? ሦስት ወር ሙሉ! ኩላሊት የሚጎዳው ያልታከመ ስኳር ነው እንጂ ሜትፎርሚን አይደለም። ኩላሊቱ አስቀድሞ በጣም የደከመ ሰው መጠኑ ይቀነስለታል ወይም ይቆምለታል፤ ወሬው ከዚያ መጥቶ ነው። እርስዎ ግን ሐኪም ሳያይዎት፣ ሰው ስላለ አቆሙ፤ ኩላሊት የሚጎዳውን ዳይክሎፌናክ ግን በየቀኑ ይውጣሉ። እህቴ፣ እየተቆጣሁ ያለሁት ስለማስብልዎት ነው። ስኳሩ ባልተያዘ ሰው ላይ ቢላ የሚያነሳ ጥሩ ቀዶ ሐኪም የለም። ቁስሉም ቶሎ አይድንም።

አልጠየቁኝም እንጂ ጾምም ሐሳብ ሊሆንብዎት ይችላል። በአርባ አራቱ ታቦት ከተማ የሚኖር ሰው ይህን ሳያነሳ አይቀርም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልግዎታል። አንድ ሙሉ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 18 ግራም አካባቢ ነው ያለው፤ እርስዎ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት ግማሹንም አይጨርሱም። ቢ12 በጾም ምግብ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ውኃም ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ መጠጣት አለበት። እስከ 9 ሰዓት አፍ ዘግቶ መዋል በመጀመሪያው ዓመት አይሆንም። 55ቱን የዐቢይ ጾም ቀናት እንዴት እንደሚያደርጉ አስቀድመው ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ። ለታመመ ሰው መንገድ አላቸው፤ ብዙ ታካሚዎቼ በረከታቸውን ተቀብለው ነው የመጡት።

ድግስ ላይ ደግሞ ጉርሻ አለ። አንዲት የዶሮ ወጥ ጉርሻ ያቺን ከረጢት ትሞላታለች። አክስትዎ ቢቀየሙም እጃቸውን ይዘው «ይበቃኛል» ማለትን ከአሁኑ ይለማመዱ።

ለመውለድ ካሰቡ ቢያንስ ከ12 እስከ 18 ወር ይቆዩ። የሚዋጥ የእርግዝና መከላከያ ከባይፓስ በኋላ አያስተማምንም፤ በክንድ የሚቀበረው ወይም ሉፑ ይሻላል።

አንድ ወረቀት ላይ ይህን ይጻፉና ከተሠሩ በኋላ ከመታወቂያዎ ጀርባ ያድርጉት፦ «የክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና ተሠርቶልኛል። ግሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት ቢ1 ይሰጠኝ። ዳይክሎፌናክ አልወስድም።» ልጅዎ ማንበብ ሲችል እሱም ይወቀው።

ያ ግን የወራት ጉዳይ ነው። ነገ ጠዋት ቁርስ ሳይበሉ ይውጡና የስኳርና የኩላሊት ምርመራ ይስጡ። ውጤቱን ይዘው የስኳር ክትትል ክፍል ይግቡ፤ መድኃኒቱን የሚያስጀምርዎት እዚያ ያለው ሐኪም ነው።