ፔሬድሽ 9 ቀን ለዘገየብሽ እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፔሬድሽ ሁልጊዜ በ28 ቀን ነበር የሚመጣው፤ አሁን 9 ቀን አልፎታል። ግንኙነት ያደረግሽው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከ16 ቀን በፊት ነው። ኮንዶሙ ተቀደደ፣ በማግስቱ የድንገተኛ መከላከያ ክኒን ዋጥሽ። በዘገየ በ2ኛው ቀን በሽንት ስትመረመሪ ኔጌቲቭ ሆነ። «ታዲያ ለምን አይመጣም? እንቅልፍ አጣሁ» ነው ያልሽው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን ይህን ጭንቀት ሁለት ጊዜ አልፌበታለሁ፣ ሁለቱም የተለያየ ነገር አስተምረውኛል።

ካላንደር ላይ ያከበብሽውን ቀን ለጊዜው ተዪው። ፔሬድ ሲዘገይ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የዘገየው እንቁላሉ ነው። እንቁላል ከወጣ በኋላ ፔሬድ እስኪመጣ ያለው ጊዜ ብዙም አይለዋወጥም፣ 14 ቀን ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ግን በጭንቀት፣ በሕመም፣ ክብደት በድንገት በመቀነስ ሊረዝም ይችላል። አንቺ የወሰድሽው ክኒንም ዋና ሥራው እንቁላሉ እንዳይወጣ ማዘግየት ነው፤ ስለዚህ ክኒኑ ራሱ ፔሬድሽን ሊያስቀድመው ወይም ሊያዘገየው ይችላል።

እስቲ አብረን እንቁጠር። ግንኙነቱ የሆነው ፔሬድሽ ይመጣል ከተባለበት ቀን 7 ቀን ቀድሞ ነው። እንቁላልሽ በሰዓቱ ወጥቶ ከነበረ ያኔ ሳምንት ሆኖታል፤ እንቁላል ደግሞ ከወጣ በኋላ ከአንድ ቀን በላይ አይቆይም፣ ስለዚህ አታረግዢም ነበር። ግን በሰዓቱ ወጥቶ ቢሆን ፔሬድሽም በሰዓቱ ይመጣ ነበር። ዘግይቶ ከሆነ፣ የወንዱ ዘር ሰውነት ውስጥ እስከ 5 ቀን መቆየት ስለሚችል፣ ዕድሉ አለ። ጠባብ ነው፣ ግን አለ። ለዚህ ነው «በዚያ ቀን አይያዝም፣ አትጨነቂ» ያሉሽን እህቶች ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩት።

ምርመራሽም እንዲሁ። የሽንት ምርመራ የሚፈልገው ኤችሲጂ የሚባለውን ሆርሞን ነው። ይህ ሆርሞን የሚጀምረው ጽንሱ ማህፀን ላይ ከተጣበቀ በኋላ ነው፤ እሱም እንቁላል ከወጣ ከ6 እስከ 12 ቀን ይፈጃል። አንቺ የተመረመርሽው ከግንኙነቱ በ9ኛው ቀን ነው። ያ ኔጌቲቭ ገና ምንም አልነገረሽም። የሚታመነው ከግንኙነቱ 21 ቀን ሲሞላ የሚወጣው ነው፤ ለአንቺ 5 ቀን ቀርቷል። ዛሬ ብትመረመሪና ፖዘቲቭ ቢሆን እመኚው፣ ኔጌቲቭ ከሆነ ግን በ21ኛው ቀን መድገም አለብሽ።

የመጀመሪያው የኔ ጊዜ እንዲህ ነበር። ማታ ተመረመርኩ፣ ኔጌቲቭ ሆነ፣ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት። ሌሊት አላስተኛ ሲለኝ ተነስቼ አወጣሁትና በስልኬ መብራት አየሁት። ሁለተኛ መስመር ነበረው። እስኪነጋ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። መስመሩ ግን ግራጫ ነበር፣ እንደ ጥላ፣ እንደ መጀመሪያው መስመር ቀለም አልነበረውም። ሽንቱ ሲደርቅ የሚተወው ምልክት መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ደቂቃ ውስጥ አንብቢው፣ ከዚያ ጣዪው፣ ተመልሰሽ አትዪው። በደቂቃው ውስጥ ቀለም ያለው መስመር ከታየሽ ግን ቢደበዝዝም ፖዘቲቭ ነው። የጠዋቱን የመጀመሪያ ሽንት ተጠቀሚ፣ ከዚያ በፊት ብዙ ውኃ አትጠጪ። የኔ ፔሬድ በዘገየ በ16ኛው ቀን መጣ። ያን ወር ቤታችን ሕመምተኛ ነበር፣ በቅጡ አልበላም፣ አልተኛም ነበር።

ሁለተኛው ግን ተገላቢጦሽ ነበር። 2 ቀን ትንሽ ቡናማ ደም አየሁ፣ ፔሬዴ ነው ብዬ አረፍኩ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ማቅለሽለሽ ሲይዘኝ ተመረመርኩ፣ እርጉዝ ነበርኩ። አልትራሳውንዱ 7 ሳምንት ሲል ከሐኪሟ ጋር ተከራከርኩ፤ ያን ቡናማ ደም ካየሁበት ስቆጥር ሦስት ሳምንት ነበርና። እርግዝና የሚቆጠረው ከመጨረሻው ትክክለኛ ፔሬድ የመጀመሪያ ቀን ነው፣ ከግንኙነቱ ቀን አይደለም፤ ስለዚህ ከግንኙነቱ ቀን ከተቆጠረው አብዛኛውን ጊዜ 2 ሳምንት ገደማ ይበልጣል። ይህን ባለማወቅ ባልና ሚስት ሲጠራጠሩ አይቻለሁ፣ በጣም ያሳዝናል። ለአንቺ የምለው፣ በእነዚህ 5 ቀናት ውስጥ እንደ ሁልጊዜው ያልሆነ ቀላል ደም ብታዪም ምርመራውን አትተዪው።

ጡት መወጠር፣ ድካም፣ ማቅለሽለሽ እየፈለግሽ ራስሽን አትዳብሺ። ፔሬድ ሲቃረብም እርግዝና ሲኖርም ያው ናቸው፣ በነሱ መለየት አይቻልም። አስተያየት ውስጥ «ፔሬድ ያመጣል» ተብሎ የተጻፈልሽንም ነገር እባክሽ አትውሰጂ፤ እርጉዝ መሆንሽን ሳታውቂ የምትወስጂው ነገር ሊጎዳሽ ይችላል።

በ21ኛው ቀን ኔጌቲቭ ከሆነ፣ ከዚህ ግንኙነት አላረገዝሽም። ፔሬድሽ ከዚያም በኋላ ቀርቶ ሦስት ወር ከሞላው ግን ሐኪም ዘንድ ሂጂ፣ የእንቅርት እጢ ሆርሞንና ሌሎችም ይታያሉ። ፖዘቲቭ ከሆነም ብቻሽን አትቀመጪ፣ ሳይቆይ ሐኪም ይይሽ፤ ምንም ብትወስኚ ጊዜ ሲኖርሽ ምርጫሽ ይሰፋል።

አንድ ነገር ግን 21 ቀን አይጠብቅም። ከታች ሆድሽ በአንድ በኩል የሚወጋ ሕመም፣ ትከሻሽ ጫፍ ላይ ሕመም፣ ማዞር ወይም ራስሽን መሳት ካለ፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፣ ሌሊትም ቢሆን። ከማህፀን ውጭ የተፀነሰ ሊሆን ይችላል። «ፔሬዴ ዘግይቷል» ብለሽ ቀጥታ ንገሪያቸው፣ አትፈሪ።

ተመርምረሽ ውጤቱን ስታውቂ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ የፈለግሽው ሰዓት ይሁን፣ እመልስልሻለሁ።