ልጄ ታሞብኝ ነው ወይስ ጠግቦ?

ጥያቄ፦ ልጄ 16 ዓመቱ ሲሆን የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው። እስከ ዓምና ድረስ ደረጃ የሚያወጣ፣ ተጫዋች ልጅ ነበር። ዘንድሮ ግን ውጤቱ አሽቆልቁሏል፤ ትንሽ ስናገረው ይቆጣል፣ ምግብ ይተዋል፣ በሩን ዘግቶ ይተኛል። አባቱ የጅቡቲ መስመር ሹፌር በመሆኑ ቤት የሚገባው አልፎ አልፎ ነው፤ በገባ ቁጥር ግን ካርዱን አይቶ ከአጎቱ ልጅ ጋር እያወዳደረ ይቆጣዋል። አንድ መምህርም የፈተና ውጤቱን በተማሪዎች ፊት ካነበበበት ወዲህ ትምህርት ቤት መሄድ እንዳስጠላው ጓደኛው ነግሮኛል። ሰሞኑን ደግሞ «እኔ ባልኖር ይቀላችሁ ነበር» አለኝ። ዘመዶቼ «የዕድሜው ጠባይ ነው፣ ጠበቅ አድርጊው» ይሉኛል። ልጄ ታሞብኝ ነው ወይስ ጠግቦ?

የልጇ ነገር ያሳሰባት እናት፣ ከድሬዳዋ (ሳቢያን)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉም በፊት ልጅዎ ስለተናገረው ቃል እናንሣ። «ባልኖር ይቀላችሁ ነበር» የሚል ንግግር እንደ ማስፈራሪያ ተቆጥሮ መታለፍ የለበትም። ዛሬውኑ ለብቻችሁ ሆናችሁ፣ ድምፅዎን ሳያነሡ፣ ራሱን ለመጉዳት ወይም ለመሞት አስቦ እንደሆነ በቀጥታ ይጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን ያሳድርበታል ብለው አይፍሩ፤ እንዲያውም ብቻውን የተሸከመውን ለማውጣት ይረዳዋል። «አዎን» ካለዎት ለአፍታም ብቻውን አይተዉት፤ በቤት ያሉ መድኃኒቶችንና የተባይ ማጥፊያዎችን ከአጠገቡ አርቀው በዚያው ቀን ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ይውሰዱት።

ወደ ጥያቄዎ ስንመለስ፣ የጻፉልን ነገር ጥጋብ አይመስልም። ድባቴ (ዲፕሬሽን የሚባለው የአእምሮ ሕመም) በአፍላ ወጣቶች ላይ ከሐዘን ይልቅ በቁጣና በነጭናጫነት ሊገለጥ ስለሚችል፣ በብዙ ቤት ሕመሙ እንደ ጥፋት ተቆጥሮ ልጁ ይቀጣበታል። ሐኪሞች የሚመለከቱት ይህ ስሜት ቢያንስ ለ2 ሳምንት፣ በአብዛኛው ቀን መቆየቱን፣ እንዲሁም እንቅልፉ፣ ምግቡ፣ ትኩረቱና ይወደው የነበረው ነገር አብረው መለወጣቸውን ነው። በድሬዳዋ ሙቀት እኩለ ቀን ላይ በር ዘግቶ መተኛት ለማንም የተለመደ በመሆኑ በእሱ ብቻ አይፍረዱ። አመሻሹ ላይ ነፋስ ሲነሣ የሰፈሩ ልጆች ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ኳስ ሊጫወቱ ሲጠሩት ምን እንደሚል ግን ልብ ይበሉ። ዓምና ሳይጠሩት ይሮጥ የነበረ ልጅ ዘንድሮ ከአልጋው ሳይነሣ «አልፈልግም» የሚላቸው ከሆነ፣ ይህ ከካርዱ ይልቅ ብዙ ይነግርዎታል።

ባለቤትዎን ልወቅሳቸው አልፈልግም። በመንገድ ላይ የሚከርም አባት ስለ ልጁ ውሎ በእጁ የሚያገኘው ነገር ካርዱ ብቻ ስለሚሆን፣ ፍቅሩም ስጋቱም በዚያው በኩል ይወጣል። ድባቴ የሚመጣውም በአንድ ሰው ጥፋት አይደለም፤ በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት አለ፣ የዕድሜው ለውጥም አለ። ነገር ግን ሕመሙ የልጁን ትኩረት ይወስዳል፣ ትኩረት ሲጠፋ ውጤት ይወርዳል፣ ውጤት ሲወርድ ቁጣና ማወዳደር ይመጣል፣ እሱም «የማልረባ ነኝ» የሚለውን የሕመሙን ሐሳብ ያጸናበታል። በእኔ እምነት ይህን አዙሪት ለመስበር የሚቀለው መንገድ ባለቤትዎ በሚቀጥለው ሲገቡ ስለ ካርድ አንዲት ቃል ሳያነሡ ልጁን ይዘው ወደ ከዚራ ሰፈር የዛፍ ጥላ ሥር ወጣ ብለው ሻይ መጠጣታቸው ነው። የአጎቱ ልጅ ስም ደግሞ ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ አይነሣ።

የትምህርት ቤቱ ነገር ከቤቱ ያነሰ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ባሉ ተማሪዎች ላይ የታተመ ሰፊ ጥናት፣ ከወላጆቻቸውም ከትምህርት ቤታቸውም ጋር ቅርበት የሚሰማቸው ልጆች ለስሜት ጭንቀትና ራስን ለማጥፋት ሐሳብ ያላቸው ተጋላጭነት ዝቅ ያለ መሆኑን አሳይቷል። በጓደኞቹ ፊት ውጤቱ የተነበበበት ልጅ ይህን ቅርበት ያጣል። በ2015 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ውጤት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን የሰማ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ ፈተናን የሚፈራበት በቂ ምክንያት አለው። ስለዚህ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲሄዱ መምህሩን ለመክሰስ ሳይሆን የክፍል ኃላፊውን ለብቻ ለማነጋገር ይሂዱ፤ ልጁ እየታመመ መሆኑን ይንገሩና ውጤቱ ለእሱ ብቻ እንዲሰጠው፣ ያመለጠውን ፈተናም በሌላ ጊዜ እንዲወስድ ይጠይቁ። እሱ የሚያምነው አንድ መምህር ካለ፣ የሌላ ትምህርት አስተማሪም ቢሆን፣ በየጊዜው ጠጋ ብሎ «እንዴት ነህ?» እንዲለው ያድርጉ። እንዲህ ያለው ነገር ትንሽ ቢመስልም፣ ወደ ክፍል የሚያስገባው አንዳንዴ ይኸው ነው። ይህን ሁሉ ከማድረግዎ በፊት ግን ልጁን ያማክሩት፤ ሳያውቅ ከተደረገ ሁለተኛ መጋለጥ ይሆንበታል።

ዘመዶችዎ ጸበል ወይም ዱዓ ካሉም ከሕክምናው ጎን ለጎን ይሂድ እንጂ በእሱ ቦታ አይተካ። ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ ልጁ ለብቻው የሚናገርበት ጊዜ እንዲኖረው ይፍቀዱ፤ ጫት ጀምሮ እንደሆነ ያለ ፍርሃት እንዲናገር ያበረታቱት፤ ጫት እንቅልፍን ስለሚያውክና ምርቃናው ሲያልፍ ድብርት ስለሚያስከትል ሐኪሙ ሊያውቀው ይገባል። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በምክክር ነው። ሐኪሙ ፍሉክሰቲን ወይም ሌላ መድኃኒት ካዘዘለት ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጠባዩን በቅርብ ይከታተሉ፤ መረበሹ ከጨመረ ቀጠሮውን ሳይጠብቁ ይመለሱ፤ ሲሻለውም ያለ ሐኪሙ ፈቃድ መድኃኒቱን አያቋርጡበት።