የበየዳችሁትን ስበሩት፦ ቤታቸው ብየዳ ለሚጀምሩ ወጣቶች

ሰላም ልጆች፣

የብየዳ ማሽን ገዝታችሁ ጋራዥ ወይም ጓሮ ውስጥ ልትሞክሩ ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ብረት ስበይድ፣ ሌላው የበየደውን ስመረምር፣ ኋላም ሊለማመዱ የመጡትን ሳሠለጥን ኖሬያለሁ። ከዚያ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ምከረን ብትሉኝ መልሴ አጭር ነው፦ የበየዳችሁትን ስበሩት። ጠረጴዛም፣ መደርደሪያም፣ በርም ከመሥራታችሁ በፊት ቁርጥራጭ ብረት በይዳችሁ በመዶሻ ስበሩ።

ቀልዴን አይደለም። ብየዳ ፊቱን ብቻ ነው የሚያሳየው። ላዩ ለስላሳና የተስተካከለ ሆኖ፣ ከሥር ግን ሁለቱ ብረቶች ጭራሽ ላይገናኙ ይችላሉ። ዩቲዩብ ላይ እያያችሁ የምትቀኑበት ያማረ መስመር ሁሉ ላዩ ነው። ጥንካሬው ያለው ብረቱ ቀልጦ እርስ በርሱ የተዋሃደበት ቦታ ነው፤ ያንን ደግሞ ዓይን አያየውም። ትልልቅ ሥራዎች ላይ በኤክስሬይና በአልትራሳውንድ ይመረመራል። እናንተ ጋ ያለው መዶሻና ሞርሳ ነው፤ ለጀማሪ እሱ ከበቂ በላይ ነው።

እንዲህ አድርጉ። 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ቁራጭ ብረቶች ውሰዱ። አንዱን አስተኙት፤ ሌላውን መሐሉ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። በአንድ ጎን ብቻ በይዱት፣ ሌላኛውን ጎን አትንኩት። ሲቀዘቅዝ የተኛውን ሞርሳ ላይ አጥብቃችሁ እሰሩና የቆመውን ወደተበየደው ጎን እየመታችሁ አጥፉት። ያኔ ያልተበየደው ጎን ይከፈታል፤ ብየዳው ከሥሩ ይፈተናል። ደህና ብየዳ ከሆነ ብረቱ ራሱ ይጎብጣል እንጂ ብየዳው እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ካልሆነ ጥቂት መትታችሁት ቋ ብሎ ይነቀላል።

የተነቀለውን አንስታችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። እዚህ ጋ አትቸኩሉ፤ ትምህርቱ ያለው እዚህ ነው። የቆመው ብረት የታችኛው ጠርዝ፣ ግራይንደሩ ሲቆርጠው የተወው ጭረት ሳይቀር፣ እንዳለ ከታያችሁ ሙቀቱ እዚያ አልደረሰም። ብየዳው ላዩ ላይ ተለጥፎ ነው የነበረው። ኮረንቲው አንሷል፣ ወይ እጃችሁ ፈጥኗል፣ ወይ ኤሌክትሮዱን (ቀልጦ ብየዳ የሚሆነውን ዘንግ) አርቃችሁ ይዛችሁታል። ትንንሽ ክብ ቀዳዳዎች ካያችሁ ጋዝ ውስጥ ተይዞ ቀርቷል፤ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ እርጥበት፣ ዝገት፣ ቀለም ወይም ዘይት ነው። ጥቁር፣ መስታወት መሰል ነገር ከሆነ ደግሞ የብየዳው ቅርፊት (የኤሌክትሮዱ ሽፋን ቀልጦ የሚተወው) ሳይወጣ ተቀብሯል ማለት ነው። የምትፈልጉት እስከ ሥሩ ድረስ አንድ ወጥ የሆነ ግራጫ ፊት ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀይራችሁ ድገሙት፤ ሁለት ነገር ባንዴ ከቀየራችሁ የትኛው እንደረዳችሁ አታውቁም። በየቁራጩ ላይ የተጠቀማችሁበትን አምፔር በጠመኔ ጻፉበት።

መነሻ ቁጥር ለምትፈልጉ፦ 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 90 አምፔር፣ 3.2 ሚሊ ሜትሩ ከ90 እስከ 130 አካባቢ ይሠራል። ፓኬቱ ላይ ተጽፏል፤ የሚያነበው ሰው ግን ጥቂት ነው። የኤሌክትሮዱ ጫፍ ከብረቱ የሚርቀው በራሱ ውፍረት ያህል ብቻ ይሁን። ወደምትሄዱበት አቅጣጫ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ዘንበል አድርጉት። ዋናው ነገር ግን ዓይናችሁ የት እንዳለ ነው። ጀማሪ ሁሉ ብርሃኑን ያያል። እናንተ ከብርሃኑ ኋላ ያለችውን የቀለጠች ኩሬ እዩ። ስፋቷን፣ ሁለቱንም ብረት መንካቷን፣ ወደየት እንደምትፈስ። እጃችሁን የምትመራው እሷ ናት።

ኤሌክትሮዱ ላይ 6013 ወይም 7018 የሚል ታያላችሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች የብየዳውን ጥንካሬ ይነግሯችኋል። 60 ማለት በካሬ ኢንች 60,000 ፓውንድ ነው፤ ወደ እኛ መለኪያ ስንመልሰው በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 42 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ይህ ከተራው ለስላሳ ብረት ጥንካሬ አያንስም። ስለዚህ ብየዳችሁ ሲለቅ ኤሌክትሮዱን አትውቀሱ። በ6013 ጀምሩ፤ እሳቱ በቀላሉ ይነሳል፣ ቅርፊቱም በቀላሉ ይለቃል። 7018 ጎበዝ ነው፣ ግን እርጥበት ከጠጣ በብየዳው ውስጥ ሃይድሮጅን ይገባና ቆይቶ ስንጥቅ ያመጣል። ደረቅ ማቆያ ሲኖራችሁ ትደርሱበታላችሁ።

ብዙዎቻችሁ የምትሠሩት ስህተት አለ፤ ርካሽና ቀላል ነው ብላችሁ በስስ ቱቦላሬ ትጀምራላችሁ። 1.5 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ ጀማሪን ያስለቅሳል። ኮረንቲው ትንሽ ከበዛ ይበሳል፣ ትንሽ ካነሰ አይያዝም። መጀመሪያ ወፍራሙ ላይ እጃችሁን አፍታቱ፣ ኩሬዋን ማንበብ ልመዱ፣ ከዚያ ወደ ስሱ ውረዱ። ስሱ ላይ ስትደርሱ ረጅም መስመር አትጎትቱ፤ አጭር አጭር እያደረጋችሁ፣ እያቀዘቀዛችሁ ነው የሚሄደው።

ማሽኑም ያርፋል። ሳጥኑ ላይ በትልቁ 200 አምፔር ብሎ የጻፈ ማሽን፣ ሥሩ በትንሹ 30 በመቶ የሚል ካለው፣ በዚያ ጉልበት ከ10 ደቂቃ ውስጥ 3 ደቂቃ ብቻ ነው የሚሠራው። ቀሪውን ማረፍ አለበት። ማስታወቂያ ላይ የሚጮኸው የመጀመሪያው ቁጥር ብቻ ነው።

ቁርጥራጩ ላይ እጃችሁ ሲገባ የመጀመሪያ ዕቃችሁ የራሳችሁ የሥራ ጠረጴዛ ይሁን። የሚጠቅመው እናንተን ነው፤ ቢጣመምም የሚጎዳው እናንተን ብቻ ነው። እና ይጣመማል። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲቀዘቅዝ ያጥራል። 1 ሜትር ብረት ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሲጨምር 1.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ብየዳው ጋ ያለው ብረት ግን 1,500 ዲግሪ አካባቢ ቀልጦ ነው የሚረጋው፤ ሲረጋም ሁለቱን ብረቶች ወደ ራሱ ይጎትታል። 90 ዲግሪ አድርጋችሁ ያስቀመጣችሁት ማዕዘን፣ በአንድ በኩል ብቻ ከበየዳችሁት በዚያው በኩል ይዘጋል። ማሽኑ ተበላሽቶ አይደለም፤ የብረት ፀባይ ነው።

መፍትሔው ትዕግሥት ነው። ቀለሙንና ዝገቱን እስከ ንጹሕ ብረት ፍቁ፤ የመሬቱ ገመድ መቆንጠጫ የሚነክስበትንም ጭምር። በመጋጠሚያው መሐል የሚታይ ክፍተት ካለ በብየዳ እሞላዋለሁ አትበሉ፤ መልሳችሁ ቁረጡት። አራቱንም ማዕዘን በትንንሽ ነጥብ ብቻ ያዝ ያዝ አድርጉና ሜትር አውጡ። ከማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን ለኩ፤ ሁለቱ ዲያጎናሎች እኩል ካልሆኑ ፍሬማችሁ ዘሟል። በነጥብ ብቻ ተይዞ ሳለ በመዶሻ ቀስ ብላችሁ ትመልሱታላችሁ፤ ሙሉ ከተበየደ በኋላ ግን የሚመለስበት መንገድ ግራይንደር ነው። ስኳድራ ከሌላችሁ በአንዱ ጎን 60 ሴንቲ ሜትር፣ በሌላው 80 ምልክት አድርጉ፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል 100 ሴንቲ ሜትር ከመጣ ማዕዘኑ ልክ ነው። ማግኔት ያለው ማዕዘን መያዣ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን በነጥብ ከያዛችሁ በኋላ አንሱት፤ በዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚፈስ) ኮረንቲ ስትበይዱ ማግኔቱ እሳቱን ወደ ጎን ይገፋዋል። ከዚያ አንዱን ማዕዘን ትንሽ፣ ተቃራኒውን ትንሽ እያላችሁ እየተዘዋወራችሁ ጨርሱ። ከሥራው ጊዜ አብዛኛው የሚሄደው በመለካት፣ በመቁረጥና በማጽዳት ነው። ማሽኑ የሚበራው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ይህ የሚሰለቸው ሰው ብየዳን ባይጀምር ይሻለዋል፤ ሌላ የሚያስደስት ነገር ሞልቷል።

ወደ ደህንነቱ ልምጣ። ጓንት፣ የቆዳ ሽርጥ፣ ናይለን ያልሆነ ልብስ የሚለውን ሁሉም ይነግራችኋል፤ አልደግመውም። ብዙም የማይነገረውን ልንገራችሁ።

እኔ ከብየዳ ማሽኑ ይልቅ የምፈራው ግራይንደሩን ነው። የተለመደው የመቁረጫ ዲስክ ጠርዝ የሚፈቀድለት ፍጥነት በሴኮንድ 80 ሜትር ነው፤ በሰዓት 288 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ሲሰበር በዚያ ፍጥነት ነው ወደ ፊታችሁ የሚመጣው። ስለዚህ መከለያውን አትፍቱ። በተለይ ትልቅ ዲስክ ለማስገባት ብላችሁ ትንሹን ግራይንደር መከለያውን እንዳትፈቱት፤ ትንሹ ማሽን በደቂቃ 11,000 ያህል ይዞራል፣ የ230 ሚሊ ሜትር ዲስክ ግን የተሠራው ለ6,600 ገደማ ነው። በመቁረጫ ዲስክ ጎን አትሞርዱ። መሐሉ ያለው የብረት ቀለበት ላይ የአገልግሎት ማብቂያው ተጽፏል፤ ዲስክም ያረጃል። መነጽር ደግሞ ከጭምብሉ ሥርም አይውለቅ፤ ቅርፊት ስትቀርፉ ጭምብሉን ማንሳታችሁ አይቀርምና።

ዓይን በብየዳ ብርሃን ሲቃጠል ወዲያው አያምም። ሌሊት ነው የሚነሳው፤ አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁራል። የጭምብላችሁ ጥቁር መስታወት 10 ቁጥር ይሁን፤ ዙሪያችሁ ቆሞ የሚያይ ልጅ ካለ ጀርባውን ያዙር ወይም ይውጣ።

ጭሱን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2017 የብየዳ ጭስን በሰው ላይ ካንሰር ያመጣሉ ብሎ ከመደባቸው ነገሮች ውስጥ አስገብቶታል። በር ክፈቱ፣ ጭንቅላታችሁን ከጭሱ በላይ አታድርጉ። ጋልቫናይዝድ ብረት ላይ ያለው ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላል፤ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣና ከተነፈሳችሁት ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ይዟችሁ ያስተኛችኋል። ሽፋኑን አስቀድማችሁ ፍቁት፤ ባይሆን ይቅርባችሁ። ከሁሉ የከፋው ግን የሚያጸዱበት ነገር ነው። አንዳንድ የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ክሎሪን ያለበት ነው። በእሱ የታጠበ ብረት ሳይደርቅ ሲበየድ ፎስጂን የሚባል ጋዝ ይፈጠራል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የተገደለበት ነው። ጣሳውን አገላብጡና አንብቡ፤ ክሎሮ የሚል ቃል ካለበት ወርክሾፓችሁ አይግባ።

እሳትም እንደ ዓይኑ ነው፣ ዘግይቶ ይመጣል። ፍንጣሪ ሩቅ ይሄዳል፤ የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ደንብ 11 ሜትር ዙሪያ የሚቀጣጠል ነገር እንዳይኖር፣ ሥራው ካለቀም በኋላ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ሰው እንዲጠብቅ የሚያዘው ለዚህ ነው። ማሽኑን አጥፍታችሁ ወዲያው በሩን ዘግታችሁ አትሂዱ። ዕቃ እየሰበሰባችሁ፣ እየጠረጋችሁ ቆዩ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነገር ልመለስ፤ ሰብራችሁ ልታዩት የማትችሉት ሥራ አለ። የተሽከርካሪ ተጎታች መንጠቆ፣ የመኪና መሪና እግር፣ የክብደት ማንሻ፣ መሰላል፣ የልጆች ዥዋዥዌ፣ ግፊት ያለበት ጋን። እነዚህን ለማወቅ ብላችሁ ብትሰብሯቸው ዕቃው የለም፤ ካልሰበራችኋቸው ደግሞ ውስጡን አታውቁም። ነዳጅ የነበረበት በርሜል ለብቻው ነው፤ ባዶ ቢመስልም የቀረው ትነት ይፈነዳል፣ ጨርሶ አትንኩት።

ባለሙያዎቹ እንኳ ምን እንደገጠማቸው ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ጥር 16 ቀን 1943 ስኬኔክታዲ የሚባል አዲስ የነዳጅ ጫኝ መርከብ፣ አሜሪካ ኦሪገን ውስጥ ወደቡ ላይ ቆሞ፣ ማዕበል በሌለበት ውሃ ለሁለት ሊከፈል ምንም አልቀረውም። በዚያ ዘመን መርከብ በብሎን መሰል ምስማር ከማያያዝ ወደ ብየዳ ገና መዞሩ ነበር። በምስማር የተያያዘ መርከብ ላይ ስንጥቅ ከአንዱ ላሜራ ጫፍ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ይቆማል። የተበየደው ግን አንድ ወጥ ነው፣ የሚያቆመው የለም። የካምብሪጇ መሐንዲስ ኮንስታንስ ቲፐር ኋላ እንዳሳየችው ዋናው ጉዳይ የዚያ ዘመን ብረት በብርድ ጊዜ መሰበር የሚቀናው መሆኑ ነበር። የብየዳ እንከንና ሹል ማዕዘን ደግሞ ስንጥቁ የሚጀምርበትን ቦታ ሰጡት። ቤት ውስጥ የተበየደ መንጠቆም እንከኑ ስንጥቅ የሚጀምርበት ቦታ ነው፤ መንገድ ላይ ሲለቅ ከኋላ የሚመጣው ሰው ስለ ኮረንቲያችሁ ምንም አያውቅም።

ማሽን መግዛታችሁ እንደተሰማ ጎረቤት መምጣቱ አይቀርም። «ይቺን መንጠቆ ጠብ አድርግልኝ» ይላል፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት ይላል፣ ሌላው እኮ ሠራልኝ ይላል። ይሉኝታ ይዟችሁ እሺ እንዳትሉ። ፈቃድ ያለው፣ ሥራው የሚመረመርለት ባለሙያ ጋ ይሂድ። የአበባ ማስቀመጫ፣ የጫማ መደርደሪያ ወይም የላላ የአጥር በር ከሆነ ግን ይዞ ይምጣ፤ ዝገቱን ራሱ ፍቆ።